ስለ ወላጅና ስለ ልጅ ቁርኝት፥ ስለ ሴት ልጅም ክብር

በዚህ ወር የምንጽፍበት ነገር በክርስቲያን ቤት በማዕድ ዙሪያ የሚነገር አይደለም። እኛም ብዙ ጊዜ ብዕር አንሥተን መልሰን አስቀምጠናል። አንደኛው ምክንያታችን ነገሩ ነውር ሆኖ ስለሚታይ ነው፤ ሁለተኛውና የሚከብደው ግን በነገሩ ውስጥ የገዛ እጃችን ስላለበት ነው፤ ይህንንም በስፍራው እንናገራለን። ጥያቄው ይህ ነው፤ የሴትን ልጅ ክብር በኃይል የሚደፍር ሰው ከወዴት ይመጣል? ከሰማይ አልወረደም፤ ከጫካም አልወጣም። በተወለደ በአርባ ቀኑ ክርስትና የተነሣ፣ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ቤተ ክርስቲያን የተሳለመ፣ ከእኛው ቤት የወጣ ልጅ ነው።

ከሰቆጣ ተነሥቶ ወደ ተከዜ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ በአበርገሌ ወረዳ ኒሯቅ ሲደርስ የደጋው ነፋስ ቀርቶ የቆላው ሙቀት ይቀበለዋል። አገሩ የፍየል አገር ነው፤ የአበርገሌ ፍየል ስሙ በሩቅ የታወቀ ነው። ፍየል ባለበት እረኛ አለ፤ እረኛውም ልጅ ነው። ይህ ልጅ ግልገል ከመከተሉ በፊት በአንቀልባ ኖሯል። አገውኛ የምትናገረውም ሆነች አማርኛ የምትናገረው እናት ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም፣ ዳቤ ስትጋግር ልጇን ከጀርባዋ አታወርደውም፤ ሲያለቅስ ወደ ደረቷ ታዞረዋለች። ይህን ያየ ሰው የእኛ ሕፃን ፍቅር የጠገበ ነው ቢል አልተሳሳተም። ዳሩ ግን ታናሹ ሲወለድ ታላቁ ከጀርባ ይወርዳል፤ ከወረደበት ቀን ጀምሮም «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ይባላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ዕድሜ ነው የሚያሳስበን።

ሰቆጣ በዚህ ነገር አንድ ታሪክ አላት። በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. መንግሥት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ የሰየመውን ውሳኔ አሳወቀ፤ ዓላማውም እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ፈጽሞ ማጥፋት ነው። ሥራውም መጀመሪያ የተያዘው በተከዜ ተፋሰስ በሚገኙ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነበር። የጤና ሠራተኞቹ ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ያለውን ጊዜ 1,000 ቀን ብለው ይቈጥሩታል፤ በዚህ ጊዜ የጐደለውን ምግብ በኋላ መመለስ አስቸጋሪ ነው ይላሉ። ልብ ማለት የሚገባን፣ ለሥጋው አገር የቆመለት ይኸው ዕድሜ ለልቡም መሠረት የሚጣልበት ዕድሜ መሆኑን ነው። ክንዱ ሲለካ ቀጭን መሆኑ የሚታወቅ ሕፃን ሁሉ ልቡ ሲቀጭጭ የሚለካበት መሣሪያ ግን በጤና ኬላው የለም።

ይህን ነገር አስቀድሞ በሰፊው የመረመረው ጆን ቦልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1944 ባሳተመው ጽሑፍ በለንደን በአንድ የሕፃናት መርጃ ቤት ያያቸውን 44 የሚሰርቁ ልጆች በዚያው ቤት ከታዩና ከማይሰርቁ ሌሎች 44 ልጆች ጋራ አነጻጸረ። ከሚሰርቁት መካከል 17ቱ ገና በሕፃንነታቸው ለረጅም ጊዜ ከእናታቸው ተለይተው የነበሩ ሆነው ተገኙ፤ ከማይሰርቁት ግን 2ቱ ብቻ ነበሩ። ከሌቦቹ ውስጥ ደግሞ 14ቱ ለማንም የማያዝኑ፣ ማንንም የማይናፍቁ ልጆች ነበሩ፤ ከእነዚህም 12ቱ ከእናት የተለዩት ነበሩ። ቦልቢ ከዚህ ተነሥቶ ሕፃን ከሚያሳድገው ሰው ጋራ የሚፈጥረው ቁርኝት እንደ ወተት ሁሉ የሚያስፈልገው ነገር መሆኑን ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተምር ኖረ።

እኛም ዘንድ ስለ አንድ ሌባ የሚተረት አለ። ሊሰቀል ሲወሰድ እናቱን ልሳም ብሎ ለምኖ ጆሮዋን ነከሰ፤ «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ!» አላት። ተረቱን ሁላችንም የምናነሣው ልጅን ለመግረፍ ነው። እኛ ግን በየዓመቱ ለተማሪዎቻችን በነገርናቸው መጠን ሌላ ነገር እየታየን መጥቷል። ልጁ እንቁላሉን ይዞ በገባ ጊዜ እናቱ ዐይኑን አይታ «ከወዴት አመጣኸው?» ብትለው ይበቃ ነበር። የጐደለው በትር ነው ወይስ ዐይን? ለዚህ መልስ አለን አንልም፤ ነገር ግን ሊሞት ያለ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ እናቱን መፈለጉ፣ ባገኛትም ጊዜ መንከሱ የሚያስደንቅ ነው። ሊቃውንቱ በብዙ ገጽ የጻፉትን ተረቱ በአንድ ጆሮ ጨርሶታል።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። እንዲያውስ ነገሩ በትክክል የተጠናው መጀመሪያ በአፍሪካ ነው። ሜሪ አይንስዎርዝ የተባለች ሴት ከባሏ ጋራ ወደ ዑጋንዳ ሄዳ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1954 እና በ1955 በካምፓላ አጠገብ ባሉ መንደሮች 26 እናቶችን ከነሕፃናታቸው በየቤታቸው እየሄደች ትመለከት ነበር። እነዚያም እናቶች እንደ እኛዎቹ ልጅ የሚያዝሉ ናቸው። ያየችውም፣ እናቱ ልቅሶውን ሰምታ ፈጥና የምትመልስለት ሕፃን ደፋር ሆኖ ከእርስዋ ርቆ ይሄዳል፤ ግቢውን ይመረምራል፤ ሲፈራም ተመልሶ ጉያዋ ይገባል። ልቅሶው የማይሰማለት ሕፃን ግን አንዱ ከእናቱ ቀሚስ አልላቀቅ ይላል፤ ሌላው ደግሞ እናቱ ብትመጣም ብትሄድም ግድ እንደሌለው ሆኖ ይቀመጣል። በኋላ በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ጥናቷን ቀጠለች። ስለዚህ «ልጅ ሲያለቅስ ማንሣት ያሞላቅቀዋል» የሚለው ንግግራችን በዑጋንዳ መንደርም ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል።

እንግዲህ ይህ ከሴት ልጅ መደፈር ጋራ ምን ያገናኘዋል? እንዲህ ነው። ልቅሶው የተሰማለት ሕፃን መለመን እንደሚያዋጣ ይማራል፤ ዛሬ እንቢ ቢባል ነገ እንደሚሰጠው ያውቃልና እንቢታ አያቃጥለውም። የሌላው ሰው ፊት ሲከፋ ሊያነበው ይችላል፤ ፊቱን ያነበበለት ሰው ነበረውና። ልቅሶው ያልተሰማለት ግን ከሁለት አንዱን ይማራል፤ ወይ ጮኾ ነጥቆ መውሰድን፣ ወይ ደግሞ ከማንም ምንም አለመፈለግን። ሰውነቱ ጐልማሳ ሲሆን ፈቃደ ሥጋ ይነሣበታል፤ ወደ ሰው ልብ የሚገባበትን በር ግን አያውቀውም። ዊልያም ማርሻል የተባለው የካናዳ የሥነ ልቡና ሊቅ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1989 የጻፈው ይህንን ነው፤ ሴትን በመድፈር የታሰሩት ብዙዎቹ ብቸኞች ናቸው፤ ቅርበትን በልብ ማግኘት ስላልተማሩ በሥጋ ነጥቀው ሊያገኙት ይሞክራሉ፤ አያገኙትምም።

ከዚህም የሚከተለውን አባቶች ሁሉ እንዲያነቡት እንለምናለን። በአውስትራልያ ስቲቨን ስሞልቦን እና ማርክ ዳድስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በወሲብ ወንጀል የታሰሩ ሰዎችን ሌላ ወንጀል ከሠሩ እስረኞችና ወንጀል ከሌለባቸው ሰዎች ጋራ አነጻጽረው በ1998 ሲጽፉ፣ የማያውቁአትን ሴት በደፈሩት ዘንድ ይልቁን የተበላሸ ሆኖ የተገኘው ከአባት ጋራ የነበራቸው ግንኙነት መሆኑን ገለጡ። በ2000 ደግሞ በትምህርት ላይ ያሉ ጐልማሶችን ሲጠይቁ፣ በልጅነቱ ከአባቱ የሸሸና የራቀ ወጣት ሴትን የማስገደድ ዝንባሌው በልጦ ተገኘ። ስለ እናት ብዙ እንናገራለን፤ ጥፋቱንም በእርስዋ ላይ ለማኖር እንቸኩላለን። የአባት ወንበር ግን ባዶ ነው።

በእኛ ቤት አባት እንዴት ነበር? ሲገባ ልጆች ጥግ ይይዛሉ። ልጅ እግሩን ያጥባል፤ ራት ሲበላ ኩራዝ ይዞ ይቆማል፤ ከተረፈው ይበላል። ይህ ሥርዐት ክብርን አስተምሯል፤ ልንነቅፈውም አንፈልግም፤ እኛም ኩራዝ ይዘን ቆመን ያደግን ነን። ነገር ግን ኩራዝ የያዘው ልጅ በዚያ ሁሉ ሌሊት ከአባቱ አፍ ስሙ ሲጠራ የሚሰማው ስንት ጊዜ ነው? ከትእዛዝና ከቁጣ በቀር ምን ቃል ይሰማል? ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቈላስይስ ሰዎች በላከው መልእክት የልጆች ልብ እንዳይዝል አባቶች እንዳያስቈጡአቸው አዝዟል። ልጆች ለወላጆች ይታዘዙ የሚለውን ቃል ከዐውደ ምሕረት ስንሰማ ኖረናል፤ ተከትሎት የሚመጣውን ይህን ቃል ግን የዚያን ያህል ሲሰበክ አልሰማንም።

እግረ መንገዳችንን ስለ ቆሎ ተማሪም አንድ ቃል እንበል፤ እኛ ያለፍንበት ነውና። ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ከአገሩ የሚወጣው ልጅ ዳዊቱን ይማራል፤ ከውሻ ጋራ እየተሟገተ ቁራሹን ይለምናል፤ በጎጆ ያድራል። ከዚህ ትምህርት ታላላቅ ሊቃውንት ወጥተዋል። ስለ ቅድስት ድንግል ማርያም በሦስት ዓመቷ ወደ ቤተ መቅደስ መግባትም በየዓመቱ ታኅሣሥ 3 ቀን እናከብራለን፤ ስለዚህም ልጅን ለእግዚአብሔር መስጠት መልካም ነው። ነገር ግን ሐና የሳሙኤል እናት እንዴት እንደ ሰጠች አስተውሉ፤ ጡት እስኪተው ድረስ ከእርስዋ አልለየችውም፤ ከሰጠችውም በኋላ በየዓመቱ ታናሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። በየዓመቱ ስለሚያድግ በየዓመቱ ልኩን ታስብ ነበር ማለት ነው። በእኛ ጎጆ ከነበሩት ልጆች መካከል እናቱ በዓመት አንድ ጊዜ በሶ ይዛ የምትመጣ ልጅ ነበረ፤ ማንም የማይመጣለትም ነበረ። በሌሊት ሲያለቅሱ የሚሰማው የቱ እንደ ነበረ ያን ጊዜ የነበረ ሁሉ ያውቃል።

አሁን ወደ ጥንቃቄው እንምጣ፤ ይህን ትምህርት በግማሹ የሚይዝ ሰው ብዙ ጥፋት ያደርጋልና። ማይክል ራተር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1972 ባወጣው መጽሐፍ የቦልቢን ትምህርት ሲመረምር፣ ልጅን የሚጐዳው መለየቱ ብቻ ሳይሆን ይልቁንም በቤት ያለው ጠብና ክርክር፣ ከመጀመሪያውም የሚጣበቅበት ሰው ማጣቱ መሆኑን አሳየ። በአሜሪካም ካቲ ስፓትዝ ዊደም በ1989 እንደ ጻፈችው፣ በልጅነታቸው የተደበደቡ፣ የተደፈሩ ወይም የተጣሉ መሆናቸው በፍርድ ቤት መዝገብ የተረጋገጠ 908 ሰዎች ሲከታተሉአቸው በኃይል ወንጀል የተያዙት ከ100 ውስጥ 11 ያህል ናቸው፤ እንዲህ ያለ መከራ ካላገኛቸው መካከል ደግሞ ከ100 ውስጥ 8 ያህል ናቸው። ልዩነት አለ፤ ግን ከተበደሉት አብላጫዎቹ በዳይ አልሆኑም። ይህችው ሊቅ በ2015 ከሌላ ባልደረባዋ ጋራ እንዳሳየችውም፣ በልጅነታቸው የተደበደቡና የተጣሉ ሰዎች በወሲብ ወንጀል የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ሲል፣ በልጅነታቸው ክብራቸው የተደፈረው ግን ከሌሎች በልጠው አልተገኙም። ስለዚህ የተደፈረን ልጅ «እርሱም ነገ እንዲሁ ያደርጋል» ብሎ በጐሪጥ ማየት በቁስሉ ላይ ሌላ ቁስል መጨመር ነው።

የዋግ ሰው ለዚህ የገዛ ታሪኩ ምስክር ነው። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ስንት ሕፃን በኮረም መጠለያ አባትና እናቱን ቀበረ! በዚያው ዘመን መንግሥት ከሰሜን ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ባሰፈረው 600 ሺህ በሚሆን ሕዝብ ውስጥም ስንት ቤተሰብ ተበታተነ! እነዚያ ልጆች ዛሬ አያቶች ናቸው። አብላጫዎቹ ሰላማውያን፣ ልጅ የሚስሙ ሰዎች ናቸው። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው ሁልጊዜ የአንድ ሰው ስም ይጠራሉ፤ አክስት ናት፣ የክርስትና እናት ናት፣ አንዳንድ ጊዜም አብራ የተፈናቀለች ባዕድ ሴት ናት። ሕፃን አንድ ሰው ይበቃዋል፤ ያ አንድ ሰው ግን መኖር አለበት።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደግሞ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በሰቆጣና በአካባቢዋ በመጠለያ ኖረዋል። በዚያ ጦርነት በሴቶች ላይ የተደረገውን ሁሉ ለመጻፍ ብዕራችን አይችልም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. ባወጡት የጋራ ዘገባ ተፋላሚዎቹ ወገኖች ሁሉ በዚህ ግፍ ውስጥ እንዳሉበት መስክረዋል። ይህን ሁሉ በእናትና በልጅ ቁርኝት እንፍታው ብንል ሞኝነት ነው። መሣሪያ የያዘ፣ አለቃው ያላገደው፣ ፍርድ እንደማይነካው ያወቀ ሰው በደኅና ቤት ያደገም ቢሆን ያደርገዋል።

ሰላም ባለበትም ጊዜ ቢሆን ልማዳችን ምን ያስተምር እንደ ነበረ እንመርምር። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጅ አቆጣጠር በ2005 ባወጣው ጥናት፣ በቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁት ባል ካገቡ ሴቶች ከ100 ውስጥ 71ዱ በባላቸው በዱላ ወይም በመኝታ፣ ወይም በሁለቱም ተገድደዋል። በ2016ቱ የሕዝብና የጤና ጥናት ደግሞ በአገራችን ከሴቶች ከ100 ውስጥ 63ቱ ባል ሚስቱን ለመምታት ተገቢ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ብለዋል፤ ከወንዶች እንዲህ ያሉት 28 ናቸው። ሴቲቱ ከወንዱ ይልቅ በራስዋ ላይ ፈረደች ማለት ነው። ይህን ፍርድ የተማረችው ደግሞ ከእናቷ ጓዳ ነው፤ ወንድሟም እዚያው ጓዳ ተቀምጦ ሲሰማ ነበር።

የሠርጉን ሌሊት እናስታውስ። ገና ያልደረሰች ልጅ በሩቅ ለተመረጠላት ሰው ትሰጣለች፤ ሙሽራው ጐበዝነቱ የሚለካው እርስዋን በማሸነፉ ነው፤ ሚዜዎች በር ላይ ይቆማሉ፤ በማግስቱ ስለ ብር አምባር ይዘፈናል። ሙሽራው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነበረ፤ ፈርቶም ነበር። ሰው ሁሉ እየጠበቀው ሌላ ምን እንዲያደርግ ፈለግን? እንቢታን እንደ እሺታ መስማትን ያስተማርነው በዚያ ሌሊት ነው። ከዚያም አልፎ በሌሎች አገሮቻችን ጠለፋ አለ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1996 በአርሲ የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ጠላፊዋን በገዛ መሣሪያው ገድላ ለፍርድ ቀረበች፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቆች ተሟገቱላትና ራሷን ስለ መከላከል አድርጋዋለች ተብላ ነጻ ወጣች። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ቢያገባ ክሱ ይቀር ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕግ ግን በአንቀጽ 587 ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል፤ ጋብቻ መደረጉም ከቅጣት አያድነውም። አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣው አንቀጽ 620 ደግሞ «ከጋብቻ ውጭ» ስለሚል በትዳር ውስጥ ስለሚደረገው ግድ ዝም ብሏል። ሕጉ ዝም ባለበት የነፍስ አባት ዝም ማለት አይገባውም እንላለን። ንስሐ ሲቀበል «ጾምህን ጠበቅህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ካህን «ሚስትህ ስታዝን ታውቃለህ ወይ? ልጅህ ሲያይህ ይሸሻል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ማን ይከለክለዋል? «ሥጋዬ አሸነፈኝ» ለሚለውም መልስ አለ፤ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋና ከወተት የሚከለከል ሰው ራሱን መግዛት አልችልም ሊል አይችልም።

ቅዱስ መጽሐፍም ይህን ነገር አልሸፈነውም። በሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 13 የንጉሥ ዳዊት በኵር አምኖን እኅቱን ትዕማርን በተንኰል ወደ ቤቱ አስጠርቶ በኃይል አስነወራት። በጭንቅ ተማጠነችው፤ አልሰማትም። ወዲያውም ከወደዳት ይልቅ ጠላት፤ አስወጥቶም በሩን አዘጋ። እርስዋም በራስዋ ላይ ዐመድ ነስንሳ፣ ልብሷን ቀድዳ እየጮኸች ሄደች። አምኖን ድኻ አልነበረም፤ ንጉሥ አባቱ በታመመ ጊዜ መጥቶ ጠይቆታል። ታዲያ ምን ጐደለው? ዳዊት ነገሩን በሰማ ጊዜ እጅግ ተቈጣ፤ ግን በኵሩን ስለ ወደደው አልገሠጸውም። ይህ ዝምታ የመጀመሪያ ይሆን? የቤርሳቤህንም ነገር ልጆቹ ሁሉ አይተውታል። አቤሴሎም ሁለት ዓመት ዝም ብሎ አድብቶ አምኖንን አስገደለው፤ በኋላም አባቱን ከዙፋኑ አሳደደው። ትዕማርም በወንድሟ ቤት ብቻዋን ተቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ ስለ እርስዋ የተጻፈ የለም። አቤሴሎም ግን ለወለዳት ሴት ልጅ ትዕማር ብሎ ስም አወጣላት።

ቃል እንደ ገባነው አሁን የራሳችንን እንናገራለን። ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ይሆነዋል፤ በአንዲት የዋግ ቆላ ቀበሌ ዐሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጅ ውኃ ልትቀዳ በሄደችበት አንድ ጐልማሳ ደፈራት። ጐልማሳው ተማሪያችን ነበር። እናቱ ታናሹን ስትወልድ ሞተች፤ እርሱ ያን ጊዜ ሦስት ዓመት አልሞላውም። አባቱ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ሑመራ ሄዶ ቀረ። ሕፃኑን ታናሽ አያቱ ወሰደችው፤ ታላቁ ግን ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ኖሮ ስድስት ዓመት ሲሞላው በዓመት በአንድ ግልገል ለባዕድ እረኛ ገባ። ወደ ትምህርት ቤት ዘግይቶ ሲመጣ ባጠገቡ ያለፈ እጅ ሁሉ ሊመታው የመጣ ይመስለው ነበር፤ ልጃገረዶችን ይማታል፤ ሲገሠጽም ግድግዳ ያያል። እኛም ግድግዳ ወደሚያይበት ጥግ አቁመን ቀጣነው፤ ሌላ አልታየንም።

ይህን የጻፍነው ይቅርታ ልንለምንለት አይደለም። ከዚያው አገር ለባዕድ እረኛ ሆኖ ያደገ ሌላ ልጅ ዛሬ ቄስ ነው፤ እጁ ለስላሳ፣ ቃሉ ዝግ ያለ ነው። የጐልማሳው ታናሽ ወንድም ደግሞ ሦስት ልጆች አሉት፤ ታናሺቱን አዝሎ ወደ ገበያ ሲወጣ ሰው ይስቅበታል፤ እርሱም አብሮ ይስቃል። አያቱን አንድ ቀን «እማ፣ ሁለቱ ልጆች እንዴት እንዲህ ተለያዩ?» ብለን ጠየቅናት። «ትንሹን በጀርባዬ አልፎ አልፎ ሳይሆን ሁልጊዜ አዘልሁት፤ ትልቁን ልዘል ብል ጀርባዬ አንድ ነው፣ ልጄ» አለችን። ከዚያ ወዲያ ዝም አለች፤ እኛም አልጠየቅናትም።

ሽማግሌዎች ነገሩ በደም እንዳይሄድ ተሰበሰቡ። መጻፍ የምንችል እኛ ነበርንና ተጠራን። ልጅቱ ለጐልማሳው እንድትዳር፣ ለአባቷም ሁለት ፍየልና ጥቂት ገንዘብ ካሣ እንዲሰጥ ተቈረጠ። ልጅቱ በዚያው ቤት ውስጥ ከመጋረጃው በስተኋላ ነበረች፤ ማንም አልጠራትም። ሕጉን አላወቅንም ልንል አንችልም፤ ያን ዓመት በክፍል ያስተማርነው ነው። ውሉን በመልካም ጽሕፈት ጻፍን፤ ሽማግሌዎቹ በጣታቸው ፈረሙ፤ «የእግዚአብሔር ሰላም አወረድን» ተብሎ ጠላ ተጠጣ። እኛም ጠጣን። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ልጅቱ ከጐልማሳው ቤት ሸሽታ ወደ ሌላ አገር ሄደች።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ላለው ሽምግልና ሁለት ጊዜ ተጠርተን አልተቀመጥንም፤ በሁለተኛውም ጊዜ ከልጅቱ እናት ጋራ ወደ ሕክምናና ወደ ፖሊስ ሄድን። በዚህ ምክንያት በቅጥረ ቤተ ክርስቲያን ሰላምታ የነሡን ሽማግሌዎች አሉ፤ ደጎች ሰዎች ናቸውና ያሳዝነናል።

ከጦርነቱ በኋላ ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ ተማሪ በምንመዘግብበት ጊዜ አንዲት ሴት ልጇን ይዛ ከጠረጴዛችን ፊት ቆመች። ነጠላዋን ወደ ኋላ ስትመልስ ዐወቅናት። ትኩር ብላ አየችንና «ያን ውል የጻፉት እርስዎ ነበሩ» አለች። እኛ መሆናችንን አመንን፤ ይቅርታም ለመንናት። «ይቅር» ብላ አልመለሰችልንም፤ ልትመልስም አይገባትም ነበር። ትንሽ ቆይታ ልጅቱን ወደ ፊት ገፋ አደረገቻት። «የዚችን ስም ይጻፉልኝ» አለች። ስሟንና ዕድሜዋን ጠየቅን፤ ልጅቱ ራሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መለሰች፤ ሰባት ዓመቷ ነው። ጻፍን።